ምክንያተ ጽሕፈትና ምክንያተ ጦርነት፤ ስለ ናግራን ዘመቻ የተጻፉትን መጻሕፍት መመርመር

ኅዳር 26 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን የናግራንን ሰማዕታት ዜና ያልሰማ ካህን የለም፤ ከከተማው ሰውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሁሉ የቅዱስ ኂሩትንና የአፄ ካሌብን ስም ያውቃል። ነገር ግን አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የሕምየርን ንጉሥ የወጉት በምን ምክንያት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። የቤተ ክህነቱ ወገን ስለ ሰማዕታቱ ደም ነው ይላል፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደገው ወገን ደግሞ ፈገግ ብሎ ስለ ንግድ መንገድ ነው ይላል። ሁለቱም መልሳቸውን ከመጽሐፍ አገኘነው ይላሉ፤ በእውነትም ከመጽሐፍ አግኝተውታል። የጎደላቸው መጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፉን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ነው። ነገሩ ከታሪክ ይልቅ የንባብ ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ልናየው የተገባ ነው።

የትርጓሜ መምህራን አንድን መጽሐፍ ለደቀ መዝሙር ሲያስተምሩ ንባቡን ከመጀመራቸው በፊት ምክንያተ ጽሕፈቱን ይናገራሉ። ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ስለ ምን ጻፈው ብለው ይህን ካስረዱ በኋላ ነው ወደ ንባቡ የሚገቡት። ይህ ሥርዓት ለጳውሎስ መልእክታት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የነገሥታትን ዜና ለሚመረምር ሰውም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለውም። እንግዲህ የአንድን ጦርነት ምክንያት ሊያውቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የጦርነቱን ዜና የጻፈውን መጽሐፍ ምክንያተ ጽሕፈት ይጠይቅ። ከዚሁ ጋር ሁለተኛ ሚዛን ይያዝ፤ ይኸውም ጸሐፊው ለተነሣበት ጉዳይ የማይጠቅመውን ወይም የሚያሰናክለውን ነገር ሳይሸሽግ ሲያወጣ፣ ያንን ቃል ከሌላው ቃሉ ይልቅ ማመን ነው።

የነገሩ አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሕምየር ዛሬ የመን በምንለው አገር የነበረ መንግሥት ነው፤ መናገሻው ዛፋር ነበረ። ናግራን ከዛፋር በስተሰሜን ያለች የነጋዴ ከተማ ናት፤ ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ከ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሕምየር ነገሥታት የአባቶቻቸውን ጣዖት ትተው በአንድ አምላክ ወደ ማመን፣ ወደ አይሁድም ሃይማኖት አዘንብለው ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱም እጅ በዚያ አገር ላይ በረታ፤ በ521 በሕምየር ዙፋን ላይ የነበረው ማዕዲከሪብ በአክሱም የተደገፈ ንጉሥ ነበር። ከእርሱ በኋላ ዮሴፍ የሚባል ሰው ነገሠ፤ ዐረቦች ዙ ኑዋስ፣ ሱርያውያን መስሩቅ፣ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚሉት ይህንኑ ሰው ነው። በዛፋር የነበሩትን የሐበሻ ወታደሮች ገደለ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠለ፤ በባሕሩ ዳር ያለውን አገር ወጋ፤ በ523 በኅዳር ወር ናግራንን ይዞ ክርስቲያኖቿን ፈጀ። አፄ ካሌብ በ525 በመርከብ ተሻግረው ወጉት፤ እርሱም ሞተ፤ አገሩም በአክሱም እጅ ገባ።

መጀመሪያ ገድሉን እንመልከት። የናግራን ሰማዕታት ገድል ከጽርእ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ የግእዙን ንባብ ፔሬይራ የሚባል የፖርቱጋል ሊቅ በ1899 በሊዝቦን አሳትሞታል። ምክንያተ ጽሕፈቱ ግልጥ ነው፤ ሰማዕታቱ በሚታሰቡበት ቀን እንዲነበብና ምእመናን በመከራ እንዲጸኑ ነው። ስለ ወደብ ግብርና ስለ ሐር ዋጋ ከእርሱ የሚጠብቅ ሰው ከመቅደስ ገብቶ ገበያ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ገድሉ የሚመሰገንበት አንድ ነገር አለ፤ አንባቢዎቹም አዘውትረው ያልፉታል። ብዙዎች ገድሉ የጦርነቱን ምክንያት የሃይማኖት ልዩነት ያደርገዋል ይላሉ። አስተውሎ ላነበበው ግን ገድሉ ነገሩን ሁሉ ያቆመው በመሐላ ላይ ነው። ንጉሡ ከተማዋን ከቦ በጉልበት መያዝ ባቃተው ጊዜ በሩን ቢከፍቱለት ክፉ እንዳያደርግባቸው ማለላቸው፤ እነርሱም መሐላውን አምነው ከፈቱ፤ እርሱ ግን መሐላውን አፍርሶ ሽማግሌውን ኂሩትንና ከእርሱ ጋር የነበሩትን አስገደለ፤ ቀድሞ የሞተውን የኤጲስ ቆጶሳቸውን የጳውሎስን አጥንት ሳይቀር ከመቃብር አውጥቶ አቃጠለ። ጸሐፊው ሰይፉንና እሳቱን የተረከው መሐላውን ካስቀደመ በኋላ ነው። ሃይማኖቱ የተለየ ንጉሥ በዓለም ሞልቷል፤ በሃይማኖቱ ልዩነት ብቻ የሚወጋ ቢሆን ጦርነት ባላባራ ነበር። በአምላክ ስም ምሎ የከዳ ንጉሥ ግን በየትኛውም ሕዝብ ሕግ ዕዳ አለበት። የገድሉ ጸሐፊ ይህን የዳኝነት ነገር ማስቀደሙ ሊቅነቱን ያሳያል፤ እናቱን ተከትሎ ወደ እሳት የሮጠውን ሕፃን ስናለቅስለት ይህን እንዳንረሳ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምስጋና የሚገባው ነገር ደግሞ የሚገኘው በመጽሐፉ ደረቅ ክፍል ነው። የጽርኡ ገድል ንጉሡ የተሻገሩባቸውን መርከቦች ከነመጡበት ወደብ ይቈጥራል፤ ከኤላት 15፣ ከቁልዝም 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበርኒቄ 2፣ ከፈርሳን ደሴት 7፣ ከህንድ 9፣ ድምሩ 60 መርከብ ይሆናል፤ ንጉሡ ራሳቸው ያሠሯቸው ደግሞ 10 ናቸው። ይህ ቍጥር ለምእመናን ጽናት ምን ይጠቅማል? ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ነው የምናምነው። ኤላትና ቁልዝም የሮም ንጉሥ ወደቦች ናቸው፤ ዮታቤም በመግቢያው ላይ ያለች የቀረጥ ደሴት ናት። ከ70 መርከብ 60ው ከነጋዴ ወደብ የመጣ ከሆነ፣ የገድሉ ጸሐፊ ሳያስበው የነገረን ነገር አለ፤ አፄ ካሌብ ባሕሩን የተሻገሩት ባሕሩ እንዲከፈትላቸው በሚፈልጉ ሰዎች መርከብ ነው። የንግዱን ምክንያት ለማወቅ ገድሉን መጣል አላስፈለገንም፤ በገድሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሃይማኖቱ ሽፋን ብቻ ነበር ለሚል ሰው የሚመልስለት ሌላ መጽሐፍ አለን። የክርስቲያኖቹ መከራ በ523 የተጀመረ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዓመት በናግራን ስለ ተሰዋው ካህን ስለ አዝቂር የተጻፈው ገድል በግእዝ አለ። ደግሞም በቅዳሴያችን ስሙን የምናውቀው ያዕቆብ ዘሥሩግ ለሕምየር ክርስቲያኖች የማጽናኛ መልእክት ጽፎላቸዋል፤ እርሱ ያረፈው በ521 ነው። ሊያጽናኗቸው የጻፉላቸው ሰዎች መከራ ላይ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ የናግራን ደም ለጦርነት ሲባል ኋላ የተፈጠረ ወሬ ነው ማለት መጽሐፍ አለማወቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚገልጠው ግን የስምዖን ዘቤተ አርሳም መልእክት ነው። ስምዖን የፋርስ አገር ኤጲስ ቆጶስ ነበር። በ524 የሮም ንጉሥ የዮስጢኖስ መልእክተኛ አብርሃም ወደ ዐረቡ ንጉሥ ወደ ሙንዚር ለዕርቅ ሲሄድ ስምዖን አብሮት ነበር። በሙንዚር ሰፈር ሳሉ ከሕምየር ንጉሥ የተላከ ደብዳቤ ደረሰ፤ በናግራን ያደረገውን እየተመካ ይነግረዋል፤ አንተም በአገርህ ባሉት ክርስቲያኖች ላይ እንዲሁ አድርግ ይለዋል። ስምዖንም ይህን በመልእክቱ ውስጥ ጽፎ ላከ። የመልእክቱ ምክንያተ ጽሕፈት ጩኸት ነው፤ ጳጳሳትና ነገሥታት ሰምተው እንዲነሡ ነው። ስለዚህ የጠላትን ቃል በጠላት ብዕር እየሰማን መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ሊቃውንትም በደብዳቤው ላይ የተከራከሩት ስለዚህ ነው። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ መግቢያ ላይ ንጉሡ የሚናገረው ሌላ ነገር አለ፤ ሐበሾች በአገራችን ያነገሡት ንጉሥ ሞተ፤ የክረምት ወራት ስለ ደረሰም ሐበሾች ባሕር ተሻግረው እንደ ልማዳቸው ሌላ ክርስቲያን ንጉሥ ሊያነግሡ አልቻሉም፤ እኔም ነገሥሁ ይላል።

ይህ ለስምዖን ጩኸት የማይጠቅም ቃል ነው። የሰማዕታቱን መከራ ሊያሰማ የተነሣ ሰው የሕምየር ዙፋን በአክሱም ፈቃድ ይሰጥ እንደ ነበረ መናገር አያስፈልገውም፤ ይልቁንም ይህን የሰማ አንባቢ ንጉሡ ስለ ነጻነቱ ተነሣ ሊል ይችላል። ስምዖን ግን አልሸሸገውም። እንግዲህ በያዝነው ሚዛን ከመልእክቱ ሁሉ አጥብቀን ልንይዘው የሚገባ ቃል ይህ ነው፤ የሁለቱ አገሮች ጸብ ሥሩ በሕምየር ላይ የሚያነግሠው ማን ነው የሚለው ነገር ነበረ። ነፋስ የሚነፍስበት ወራት እንኳ በምክንያቱ ውስጥ ገባ፤ መርከብ በማይሄድበት ወራት ንጉሥ ባይሞት ኖሮ ነገሩ ወደ ሌላ ባዘነበለ ነበር። እኔ ካነበብኋቸው የዚህ ዘመን መጻሕፍት መካከል የጦርነትን መነሻ እንደዚህ በአጭር ቃል የሚገልጥ አላገኘሁም፤ ጸሐፊውም የተገለጠለት ሊገልጠው ሳያስብ ነው።

ስለ ስምዖን የማልወድለትን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በመልእክቱ መጨረሻ በጥብርያዶስ ያሉት የአይሁድ አለቆች ተይዘው ወደ ሕምየር ንጉሥ እንዲጽፉና ግድያውን እንዲያስተዉ ይለምናል። በጥብርያዶስ ያለው ሽማግሌ በናግራን ስለ ተደረገው ምን ዕዳ አለበት? ኀዘን የጻፈው ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በደልን ከአንድ ንጉሥ ላይ አንሥቶ በወገኑ ሁሉ ላይ ማድረግ እንዲህ ይጀመራል። የእኛም ስብከት አንዳንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ይሄዳል። ገድሉ ግን የመሐላውን መፍረስ የሚጠይቀው ከማለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ። በ1951ና በ1952 በሳዑዲ ዐረቢያ የተጓዙ የአውሮፓ ሊቃውንት በናግራን አቅራቢያ ባለው በቢር ሒማ የውኃ ጕድጓድ አጠገብ በዓለት ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት አገኙ፤ ያ ቦታ በ2021 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ጽሕፈቱን ያስቀረጸው ሸራሕኢል የሚባል የንጉሡ የጦር አለቃ ነው፤ ዓመቱም በሕምየር አቆጣጠር 633፣ ማለት 523 ነው፤ የተቀረጸውም ከናግራን እልቂት ጥቂት ወራት ቀድሞ ነው። ምክንያተ ጽሕፈቱ የጦር አለቃ ምክንያት ነው፤ ይህን ገደልሁ፣ ይህን ማረክሁ ለማለት ነው። የተገደለውን ከ12 ሺህ በላይ፣ የተነዳውን ግመልና ላም በግም ከ280 ሺህ በላይ ያደርሰዋል፤ ምርኮ ሲቈጠር የማይበዛበት አገር የለም። ስለ ሃይማኖት ክርክር አንድ ቃል የለበትም። ጌታውን ርሕማናን እያለ ይጠራል፤ ከዚያም ንጉሡ በዛፋር ቤተ ክርስቲያን እንዳቃጠለ፣ ሐበሾችን እንደ ገደለ፣ በባሕር ዳር ያሉትን አጋሮቻቸውን እንደ ወጋ ይናገራል። በዚህ ድንጋይ ዓይን ጦርነቱ ከሐበሾችና ከሐበሾች ወዳጆች ጋር የሚደረግ ጦርነት ነው፤ ናግራንም የምትቈጠረው ከወዳጆቻቸው ጋር ነው።

ለግእዝ ተማሪ ግን ከቍጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው አንድ ቃል ነው። ጽሕፈቱ ንጉሡ ሐበሾችን እየጠበቀ በባሕሩ ዳር «ሰንሰለት» እንዳጸና ይናገራል፤ ስፍራውንም መደባን ይለዋል፤ ሊቃውንት ዛሬ ባብ ኤል መንደብ የምንለው የባሕር በር ነው ይላሉ። የሳባው ቃል ከእኛ ሰንሰለት ጋር አንድ ነው፤ ማጽናት የሚለውም ግሥ ከእኛ ጸንዐ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱን ለመስማት የቅኔ ተማሪ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ገድሉም በበኩሉ የሕምየር ንጉሥ የአክሱምን መርከቦች ሊከለክል በባሕሩ ጠባብ በር ሰንሰለት እንደ ዘረጋ ይተርክ ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ይህን ከተረት ቈጥረውት ኖረዋል። ሰንሰለቱ እውነተኛ ብረት ይሁን ወይም የባሕር ጥበቃውን ሲሉ የሰየሙት ስም ይሁን ሊቃውንት ገና ይከራከሩበታል። ነገር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች፣ አንዱ ገዳዮቹን ሲያመሰግን፣ አንዱ የተገደሉትን ሲያመሰግን፣ በአንድ ቃል ተገናኙ። የባሕሩ በር የጸቡ ማዕከል እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

የሮም ታሪክ ጸሐፊዎችን በጥቂቱ እንለፋቸው። ዮሐንስ መላላስ እንደሚለው የሕምየር ንጉሥ በአገሩ የሚያልፉትን የሮም ነጋዴዎች ገደላቸው፤ ምክንያቱም በሮም አገር ክርስቲያኖች በአይሁድ ላይ ግፍ ያደርጋሉ ብሎ ነው፤ ንግዱ ስለ ቆመ የአክሱም ንጉሥ አገሬን ጎዳህ ብሎ ወጋው፤ ድል ባደርግ ክርስቲያን እሆናለሁ ብሎም ተሳለ። የመጨረሻው ቃል ውድቅ ነው፤ አክሱም በኢዛና ዘመን ካመነች ከመቶ ዓመት በላይ አልፏት ነበር፤ የነገሥታቱንም ስም ቢሆን ለይቶ አያውቀውም። የአንጾኪያ ሰው ከገበያ የሰማውን ወሬ እንደ ጻፈ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ የገበያ ወሬ የገበያን ነገር አያጣውም፤ አንድ ትልቅ ነገርም አትርፎልናል፤ ግፍ በአንድ አገር ተደርጎ በቀሉ በሌላ አገር እንደሚወጣ ነው። ሮም በአይሁድ ላይ ያደረገችው በሕምየር መንገድ ላይ በነጋዴው ራስ ወረደ።

ፕሮኮጵዮስ ከእርሱ ይሻላል። የአክሱም ንጉሥ በሕምየር ያሉ ክርስቲያኖች እንደ ተጨቈኑ ሰምቶ ዘመተ ብሎ የሃይማኖቱን ምክንያት ያስቀድማል፤ ቀጥሎ ግን ሱምያፋ የሚባል ክርስቲያን እንዳነገሠና በየዓመቱ ግብር እንዲገብር እንዳደረገው ይጽፋል። ደግሞም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሮም ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ፣ ሃይማኖታችን አንድ ነውና ሐሩን ከህንድ እናንተ ገዝታችሁ ሸጡልን፣ ለፋርስ ገንዘባችን አይሂድ ብሎ እንደ ለመነ ይተርካል። ይህ ልመና ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው፤ የዘመኑ ሊቃውንት ግን ከጦርነቱ በፊት እንደ ነበረ አድርገው ምክንያት ሲያደርጉት አያለሁ። ከድል በኋላ የታሰበ ትርፍ ጦርነቱን አስነሣው ማለት አይቻልም። ያውም ልመናው አልሠመረም፤ የፋርስ ነጋዴዎች በህንድ ወደብ ቀድመው እየገዙ አላስቀሩላቸውም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረ፣ ነገር ግን ከእኛ ሰዎች አፍ የማይሰማ ምክንያት አንድ ቀርቷል፤ እርሱም የቈየ የይገባኛል ነገር ነው። ኢዛና በድንጋይ ባስጻፏቸው ጽሕፈቶች ውስጥ ከአክሱም ጋር የሕምየርን፣ የሳባን፣ የረይዳንንና የሰልሐንን ንግሥና በስማቸው ላይ ይደርባሉ፤ ይህ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። የአክሱም ጦር ባሕር ማዶ የወጣው ከዚያም አንድ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ አፄ ካሌብ ዙፋኑን ሲወርሱ ሕምየር በስም ርስታቸው ነበረች። ራሳቸው በአክሱም ባስጻፉት ድንጋይ ላይ ወደ ሕምየር ጦር እንደ ላኩና በዚያ መቅደስ እንዳቆሙ ይናገራሉ፤ የሱርስቱም የሕምየራውያን መጽሐፍ፣ በሌላ መጽሐፍ ገበታ ውስጥ ተለጥፎ ተገኝቶ በ1924 የታተመው፣ ከናግራን በፊት ሌላ የሐበሾች ዘመቻ እንደ ነበረ ያስታውቃል። ከዚህ የተነሣ ጦርነቱ በናግራን ደም ጀመረ የሚለው መልስ በዘመን ቅደም ተከተል አይቆምም፤ ከናግራን በፊት የሐበሻ ወታደር በዛፋር ሰፍሮ ነበር፤ ወታደርም ሳይላክ በሰው አገር አይሰፍርም።

ነጋዴው ኮስማስ በዚያ ዘመን አዱሊስ ነበር። ንጉሡ ለሕምየር ዘመቻ በሚዘጋጁበት ጊዜ በአዱሊስ ዳር ቆሞ የነበረውን የድንጋይ ዙፋንና አጠገቡ ያለውን ሐውልት ጽሕፈት ገልብጦ እንዲልክላቸው የከተማውን ሹም አዘዙ፤ ሹሙም ሥራውን ለኮስማስና ለባልንጀራው ለሜናስ ሰጠ። በዙፋኑ ላይ የተጻፈው ባሕር ማዶ ያሉትን አሕዛብ ያስገበረ የቀድሞ ንጉሥ ዜና ነው። ኮስማስ ይህን የጻፈው ስለ ዓለም ቅርጽ በሚከራከርበት መጽሐፉ ውስጥ፣ እግረ መንገዱን ነው፤ የጦርነቱን ምክንያት ሊያስተምረን አላሰበም። ነገር ግን የሚዘምት ንጉሥ በዋዜማው የአባቶቹን የድል ጽሕፈት ማስገልበጡ ምን ያስብ እንደ ነበረ ይናገራል።

እንግዲህ ምን እንበል? የትርጓሜ መምህራን አንድ ቃል ሲፈቱ አንድም እያሉ ይደራርባሉ፤ ኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። ይህን የማያውቅ ሰው መምህሩ ቍርጥ ነገር አጥቶ ይመስለዋል። ለናግራን ጦርነትም አንድም የቈየው የዙፋን ይገባኛል፣ አንድም የባሕሩ በር፣ አንድም የነጋዴው መቆም፣ አንድም የፈረሰው መሐላና የፈሰሰው ደም እንላለን። ነገር ግን መደራረብ ብቻውን ትርጓሜ አይሆንም፤ አብነቱ የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ መምህሩ ይመልሳል። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ የጸቡ ሥር ሕምየርን የሚያነግሠው ማን ነው የሚለው ነገር ነው፤ ናግራን ደግሞ ያን የቈየ ጸብ ወደ ታላቁ ዘመቻ አደረሰችው። የናግራን ደም ባይፈስ የአክሱም ጦር ዳግመኛ ይሻገር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን 60 የነጋዴ መርከብ አይሰበሰብለትም፣ የሮምም ንጉሥ ደብዳቤ አይጽፍለትም ነበር።

ስለ ደብዳቤው ካነሣሁ፣ ዮስጢኖስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል አፄ ካሌብ እንዲዘምቱ እንዳሳሰበ ገድሉ ይናገራል። ቀሳውስቱ አንባቢዎቼ ይህን ሲያነቡ ያልፉታል፤ ሊቆሙበት ግን ይገባል። ዮስጢኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበል ንጉሥ ነው፤ በነገሠበት በ518 ቅዱስ ሳዊሮስን ከአንጾኪያ መንበር አሳደደ። ጢሞቴዎስ የሳዊሮስ ወገን ነው፤ ስምዖን ዘቤተ አርሳምም የተዋሕዶ ተከራካሪ ነው። በአገሩ ያሉትን የእኛን ወገኖች የሚያሳድድ ንጉሥ ባሕር ማዶ ስላሉት ክርስቲያኖች አዘነ። ላዘነው ኀዘን ዋጋ አልነሣውም፤ ነገር ግን በሃይማኖት ብቻ የተነሣ ቢሆን ከቤቱ በጀመረ ነበር። ባሕሩ ለመርከቦቹ እንዲከፈት መፈለጉ ከኀዘኑ ጋር አብሮ ነበረ። የዘመኑ ተማሪ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አልከለክለውም።

እርሱንም ግን የምጠይቀው አለኝ። በቅኔ ቤት ወርቁን ብቻ ፈልጎ ሰሙን የሚንቅ ተማሪ አለ፤ ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቅ የለውም የሚልም አለ፤ መምህሩ ሁለቱንም አያሳልፋቸውም። ንግድ ብቻ ነበር የሚለው ሰው በናግራን በር ላይ የተሰጣቸውን ምርጫ ያስረዳን፤ ክርስቶስን ካዱና ኑሩ የተባሉት ሰዎች የሐር ዋጋ ሲያስቡ አልሞቱም። ነገሥታቱ የተጣሉበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እነዚያ የሞቱበት ግን አንድ ነው። የሰማዕታቱን ምክንያት ከነገሥታቱ ምክንያት ጋር ማደባለቅ ለሁለቱም ወገን ያስቸገረው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ካህኑ የሰማዕታቱን ንጽሕና ለጦርነቱ ያለብሰዋል፤ ተማሪው የጦርነቱን ትርፍ በሰማዕታቱ ላይ ይጥላል። ስንክሳሩ ራሱ የሰማዕታቱን መታሰቢያ ኅዳር 26፣ የአፄ ካሌብን ግንቦት 20 አድርጎ ለይቶ ጽፎታል።

ስለ ጦርነቱ ፍጻሜ ትውፊታችንና ፕሮኮጵዮስ የሚናገሩት ሲነጻጸር ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። በእኛ ትውፊት ንጉሡ ሳይዘምቱ በፊት በዋሻው የዘጋውን አባ ጰንጠሌዎንን ጠየቁ፤ ድል አድርገው ከተመለሱ በኋላም ዘውዳቸውን በጌታ መቃብር ላይ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ መንግሥታቸውን ትተው መነኰሱ። ፕሮኮጵዮስ ደግሞ በሕምየር የቀሩት ወታደሮች ከአንድ የአዱሊስ የሮም ነጋዴ ባሪያ ከነበረው ከአብርሃ ጋር ሆነው የነገሠውን ሱምያፋን እንዳሠሩት፣ ንጉሡም 3 ሺህ ሰው ቢልክባቸው የተላኩት አገሩን ወድደው ከአብርሃ ጋር እንደ ቀሩ፣ ዳግመኛ የተላከውም ጦር እንደ ተመታ ይጽፋል። አንዱ የንጉሡን ነፍስ ይከተላል፤ ሌላው የንጉሡን ጦር ይከተላል፤ ስለዚህ ሁለቱን እርስ በርሳቸው አስተባባይ ማድረግ አያስፈልግም። ነገር ግን በጦር የተገኘችው ሕምየር በድል አድራጊዎቹ ወታደሮች እጅ ከአክሱም እንደ ወጣች የሚያውቅ አንባቢ፣ ዘውዱ ወደ ኢየሩሳሌም የተላከበትን ገጽ ሲያነብ ከቀድሞው ይልቅ ቀስ ብሎ ያነበዋል።

አብርሃ በ548 በማሪብ ግድብ አጠገብ ያስጻፈው ድንጋይ አለ። ግድቡን እንዳደሰ ይተርክና በዚያን ጊዜ ሊጐበኙት የመጡትን መልእክተኞች ይቈጥራል፤ የሮም ንጉሥ መልእክተኛ፣ የፋርስ ንጉሥ መልእክተኛ፣ የዐረብ አለቆች መልእክተኞች አሉበት። የአክሱም ንጉሥ መልእክተኛም ከእነርሱ ጋር፣ ከእንግዶቹ እንደ አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል፤ አፄ ካሌብ ከተሻገሩ 23 ዓመት ሆኖ ነበር።